ከግድግዳው ሥር ያለው አምስት ጫማ፦ የሰደድ እሳት በሚያሰጋበት ሰፈር ምን እንትከል፣ ምንስ እንንቀል?

ሰርክ አዲስ (ፓሳዲና አጠገብ፣ ካሊፎርኒያ)

የተከበራችሁ የመድረኩ ተሳታፊዎች፣ የምንኖረው ከሳን ገብርኤል ተራሮች ግርጌ፣ እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2025 የኢተን እሳት ካወደማት ከአልታዲና ብዙም ሳይርቅ ነው። ያ እሳት ከ9,400 በላይ ሕንፃዎችን ሲበላ የእኛ ሰፈር ለጥቂት ተርፏል። ይሁን እንጂ የቤታችን ኢንሹራንስ ኩባንያ በቅርቡ በላከልን ደብዳቤ የቤቱን ዙሪያ ካላስተካከልን ውሉን እንደማያድስልን አስታውቆናል። ደብዳቤው «ተቀጣጣይ ነገር ከሕንፃው ይራቅ» ከማለት አልፎ ምን ያህል እንደሚርቅ፣ የትኛው ተክል እንደሚቆይና የትኛው እንደሚነቀል አይገልጽም።

የግቢውን ሁኔታ ልግለጽ። ቤቱ በ1950ዎቹ የተሠራ ሲሆን ግድግዳው በሲሚንቶ የተለሰነ ነው። በፊት ለፊት፣ ከመስኮቶቹ ሥር፣ የቀድሞው ባለቤት የተከላቸው አጫጭር የጥድ ቁጥቋጦዎች አሉ፤ አፈሩም በእንጨት ፍቅፋቂ ተሸፍኗል። በስተግራ ከጎረቤት ጋር የሚያዋስነን የእንጨት አጥር በቀጥታ ከቤቱ ጥግ ጋር የተያያዘ ነው፤ በአጥሩ ርዝመትም ሳይፕረስ የሚባሉት የጥድ ዘመድ የሆኑ ረጃጅም ዛፎች ተሰልፈዋል። በጓሮ በኩል ከኩሽናው በር አጠገብ እናቴ የጥብስ ቅጠል፣ ጤና አዳምና በሶብላ ተክላለች። የጥብስ ቅጠሉ አሁን ከመስኮቱ ደፍ በላይ ሆኗል። ከዚያ ወዲያ ግቢው ወደ ታች ያዘቀዝቃል፣ ከሥሩም ማንም የማይንከባከበው ደረቅ ሣርና ቁጥቋጦ አለ።

የትኛውን ላስቀድም? ሁሉንም ነቅዬ ጠጠር ብደፋበት ይበቃል ወይስ ሌላ የሚታይ ነገር አለ? ሥራውን በአንድ ጊዜ ለመጨረስ አቅም ስለሌለን በቅደም ተከተል የሚመክረኝ ባገኝ ደስ ይለኛል።

አናጢው (ኦክላንድ፣ ካሊፎርኒያ)

ሰርክ አዲስ፣ የግቢዎን አቀማመጥ በዚህ ዓይነት ዘርዝረው ማቅረብዎ መልሱን ቀላል አድርጎታል። በሙያዬ ቤት የማድስ ሰው ነኝ፤ ከሥራዬ ከፊሉም ይኸው ቤትን ለእሳት የማዘጋጀት ጉዳይ ሆኗል።

በመጀመሪያ ቤት እንዴት እንደሚያያዝ መረዳት ያስፈልጋል። ብዙዎቻችን ሰደድ እሳትን የምናስበው ከተራራው እየተንቦገቦገ ወርዶ ቤቱን እንደሚውጥ የነበልባል ግንብ አድርገን ነው። በተግባር ግን አብዛኛው ቤት የሚቃጠለው ነፋስ ተሸክሞ በሚያመጣው ፍም ነው። የሳንታ አና ነፋስ በሚባለው፣ ከበረሃው ወደ ባሕሩ በሚነፍሰው ደረቅና ኃይለኛ ነፋስ ጊዜ ፍሙ ዋናው እሳት ገና ከአንድ ማይል በላይ ርቆ ሳለ ቀድሞ ይደርሳል፤ በአሸንዳ ውስጥ በተከማቸ ቅጠል፣ በደጃፍ ምንጣፍ፣ ከግድግዳ ሥር በተነጠፈ የእንጨት ፍቅፋቂ ላይ ያርፍና ቀስ ብሎ ይያያዛል። በሰፈር ሰው ሁሉ ሸሽቶ ስለሚሄድ፣ በአንድ ባልዲ ውሃ ሊጠፋ ይችል የነበረ እሳት ቤቱን ይዞት ይሄዳል።

የአሜሪካ የደን አገልግሎት ተመራማሪ የነበሩት ጃክ ኮኸን በ1990ዎቹ መጨረሻ በካናዳ ሰሜናዊ ምዕራብ ግዛቶች በተደረገው የደን ቃጠሎ ሙከራ ላይ የእንጨት ግድግዳዎችን ከሚነደው ደን በ10፣ በ20ና በ30 ሜትር ርቀት አቁመው ነበር። በ10 ሜትር የቆሙት በአንዳንዱ ቃጠሎ ሲያያዙ፣ በ20 ሜትርና ከዚያ በላይ የቆሙት ግን አልተያያዙም። ከዚህ የምንረዳው የነበልባሉ ግለት ራሱ የሚደርስበት ርቀት ከምንገምተው አጭር መሆኑን ነው። ስለዚህ የቤቱን ዕጣ የሚወስነው በአብዛኛው ቤቱ ራሱና በአጠገቡ ያለው ነገር ነው፤ ደኑ በኋላ ይመጣል።

የካሊፎርኒያ ሕግ ከቤቱ ዙሪያ እስከ 100 ጫማ ድረስ ያለውን ቦታ በሦስት ይከፍለዋል። ከግድግዳው እስከ 5 ጫማ ያለው ዞን ዜሮ ይባላል፤ ከ5 እስከ 30 ጫማ ያለው አንደኛው ዞን፣ ከ30 እስከ 100 ያለው ሁለተኛው ነው። የሎስ አንጀለስ ከተማ ከፍተኛ ስጋት ባለባቸው ሰፈሮቹ እስከ 200 ጫማ ድረስ ይጠይቃል። ዞን ዜሮ እንዲጨመር ሕጉ የወጣው በ2020 ሲሆን፣ ከጃንዋሪው እሳት በኋላ በፌብሩዋሪ 2025 ገዥው ደንቡ በዓመቱ ማብቂያ እንዲጠናቀቅ አዘዙ። በእርስዎ ሰፈር ከመቼ ጀምሮ እንደሚጸና ከእሳት አደጋ መሥሪያ ቤትዎ ይጠይቁ፤ እኔ ግን ደንቡን ሳልጠብቅ ለሁሉም ደንበኞቼ ከእነዚህ 5 ጫማዎች እንዲጀምሩ እነግራቸዋለሁ።

እንግዲህ በቅደም ተከተል ከሆነ፣ ከግድግዳው ተነሥተው ወደ ውጭ ይሥሩ። ከመስኮቶቹ ሥር ያሉት ጥዶች መጀመሪያ ይነቀሉ። ጥድ ቅጠሉ ዘይትነት ያለው፣ ከላዩ አረንጓዴ ቢመስልም ውስጡ በደረቀ ጭራሮ የተሞላ ስለሆነ ከመስኮት ሥር መተከል የማይገባው ተክል ነው፤ መስታወቱ በግለት ከተሰነጠቀ ፍሙ ሳሎን ገባ ማለት ነው። ቀጥሎ የእንጨት ፍቅፋቂውን ያንሡና በጠጠር ይተኩት። ሦስተኛው አጥሩ ነው፤ ሙሉውን መለወጥ ባይችሉ እንኳ ከቤቱ ጋር የሚገናኘውን 5 ጫማ በብረት ይለውጡት፣ ምክንያቱም የእንጨት አጥር ከጎረቤት ግቢ የተነሣውን እሳት እስከ ቤትዎ ጥግ ድረስ ይዞ ይመጣል።

ከአትክልቱ ወጣ ልበልና፣ በ1950ዎቹ በተሠራ ቤት የጣሪያና የመሠረት አየር ማስገቢያ ቀዳዳዎች ብዙውን ጊዜ ሰፊ ወንፊት ነው ያላቸው። በአንድ ስምንተኛ ኢንች ወይም ከዚያ ባነሰ የብረት ወንፊት ይሸፍኗቸው። ወጪው አነስተኛ ነው፤ ግቢውን አሳምሮ ቀዳዳውን ክፍት መተው ግን ድካምን ከንቱ ያደርጋል።

የጓሮ ቅጠል (ሳክራሜንቶ፣ ካሊፎርኒያ)

አናጢው የጻፉት በሙሉ ትክክል ነው፤ እኔ ስለ ተክሎቹ ልጨምር። በችግኝ መሸጫዎች «እሳትን የሚቋቋም» የሚል ምልክት የተለጠፈባቸው ተክሎች አሉ፤ አይታለሉ። እሳት የማይበላው ተክል የለም፤ ልዩነቱ ቶሎ የሚያያዘውና ዘግይቶ የሚያያዘው ነው። ዘግይቶ የሚያያዘው በቅጠሉ ብዙ ውሃ የሚይዝ፣ ዘይትና ሙጫ የሌለበት፣ ደረቅ ጭራሮ የማያከማች ነው። እሬትና መሰሎቹ ወፍራም ቅጠል ያላቸው፣ አጋፓንተስ፣ ጄራኒየም፣ በመስኖ የሚጠጣ የጎመን መደብ ከዚህ ወገን ናቸው። ሎሚና ብርቱካንም ከቤቱ ራቅ ብለው ከሥራቸው ቅጠል ከተጠረገ ጥሩ ናቸው። በተቃራኒው ጥድ፣ ሳይፕረስ፣ ባሕር ዛፍ፣ የደረቀ ቅጠሉ ያልተቆረጠለት ዘንባባ፣ እንዲሁም ያረጀ የጥብስ ቅጠልና ላቬንደር ቶሎ የሚያያዙ ናቸው።

አዎን፣ የጥብስ ቅጠል። ይህን ለእናትዎ መንገር ቀላል እንደማይሆን አውቃለሁ፤ እኛ ሐበሾች በዚህ አገር ቤት ስንይዝ ከኩሽናው በር አጠገብ ካልተከልነው ቤቱ ቤት አይመስለንም። ነገር ግን ሽታውን የሚሰጠው ዘይት ነው፤ ከመስኮት ደፍ በላይ የደረሰ የጥብስ ቅጠልም ከግንዱ በኩል እንጨት ሆኖ ውስጡ ደርቋል። መፍትሔው ማጥፋት አይደለም። ቅርንጫፍ ቆርጠው ውሃ ውስጥ ወይም እርጥብ አሸዋ ላይ ቢያቆሙት በቀላሉ ሥር ያበቅላል፤ አዲሱን ተክል ከቤቱ ከ10 ጫማ በላይ አርቀው፣ መስኖ በሚደርስበት ቦታ ይትከሉትና በየጊዜው እየቆረጡ ከጉልበት በታች ያቆዩት። ጥብስ በሚበላበት ቤት መቆረጡ ችግር አይሆንም። ጤና አዳምም በተመሳሳይ ይዛወር። በሶብላ ለስላሳና የአንድ ወቅት ተክል ስለሆነ ያን ያህል አያሰጋም፤ ሆኖም ዘሩ ከተለቀመ በኋላ የደረቀው አገዳ ከግድግዳ ሥር መቅረት የለበትም።

ስለ እንጨት ፍቅፋቂው አንድ ነገር። የኔቫዳ ዩኒቨርሲቲ የኤክስቴንሽን ባለሙያዎች ስምንት ዓይነት የአፈር መሸፈኛዎችን በማቃጠል አነጻጽረው ነበር። ከሁሉም የከፋው ከጎማ የተፈጨው ሆኖ ተገኘ፤ የፓይን ዛፍ መርፌ ቅጠልና የተተለተለ የሴዳር እንጨትም በፍጥነት የሚነዱ ነበሩ። የበሰበሰ የእንጨት ስብርባሪ ግን በአብዛኛው ነበልባል ሳያነሣ እየጤሰ ቀስ ብሎ ነበር የነደደው። ስለዚህ ከ5 ጫማው ውጭ እርጥበት ለመያዝ ከፈለጉ በደንብ የበሰበሰውን በስሱ ያንጥፉ። በ5 ጫማው ውስጥ ግን ይህም ቢሆን አይገባም፤ እየጤሰ የሚቆይ እሳት ማንም በሌለበት ሌሊት ወደ ግድግዳው ሊደርስ ይችላልና።

ጠያቂ ነኝ (ሎስ አንጀለስ)

የሁለታችሁንም አክብሬ አንብቤያለሁ፤ ነገር ግን በሐሳቡ ሙሉ በሙሉ አልስማማም። ከኢተን እሳት በኋላ በአልታዲና ጎዳናዎች ያለፈ ሰው ያየውን ታውቃላችሁ፤ ቤቱ እስከ መሠረቱ አመድ ሆኖ አጠገቡ ያለው ዛፍ ቅጠሉ እንኳ ሳይረግፍ ቆሟል። በዚያው ወር በተቃጠለው የሎስ አንጀለስ ሰፈር በፓሊሴድስም እንዲሁ ነበር። ዛፉ ቤቱን አቃጠለው ወይስ ቤቱ ዛፉን ለበለበው? ለምለም ተክል ፍምን የሚያግድበትና ግለትን የሚቀንስበት ሁኔታ አለ፤ በሎስ አንጀለስ የዞን ዜሮ ክርክር የጦፈውም በዚህ ምክንያት ነው። በነሐሴ ሙቀት ግቢውን ሁሉ ጠጠር አልብሶ፣ ጥላ የሚሰጠውን ዛፍ ቆርጦ መኖር ሌላ ዋጋ አለው። ኦክ ዛፍ ደግሞ በሕግ የተጠበቀ ነው፤ በሎስ አንጀለስ ካውንቲ ያለ ፈቃድ መቁረጥ ያስቀጣል። ሰዎች በፍርሃት ተነሥተው ግቢያቸውን በረሃ እንዳያደርጉት እሰጋለሁ።

አናጢው

ጠያቂ ነኝ፣ ያነሡት ነጥብ ክብደት ያለው ስለሆነ በችኮላ ላልፈው አልፈልግም። በአልታዲና ዛፎች ከቤቶች አጠገብ ቆመው መቅረታቸው እውነት ነው፤ እሳቱ ከተራራው ከወጣ በኋላ የተላለፈው በአብዛኛው ከቤት ወደ ቤት ነውና። ይህ ግን እኔ ያልሁትን የሚያጠናክር ይመስለኛል። ውሃ የጠጣ፣ ግንዱ ረጅም፣ ቅርንጫፉ ከመሬት ከፍ ያለ ኦክ ዛፍ ፍም ቢያርፍበትም በቀላሉ አይያያዝም። ከመስኮት ሥር ያለ ጥድ፣ አጥር ላይ የተደገፈ የደረቀ ሐረግ፣ ከበረንዳ ሥር የተከማቸ ቅጠል ግን ሌላ ነገር ናቸው። እኔ ይነሣ የምለው ይህንን ነው። የኦክ ዛፉን ማንም አይንካው፤ የታችኛው ቅርንጫፉ ብቻ ከመሬት 6 ጫማ ድረስ ይመልመል፣ ከጣሪያና ከጭስ ማውጫው በላይ የተንጠለጠለው ይቆረጥ፣ ከሥሩ ቁጥቋጦ አይተከል። ቁጥቋጦ ካለም የዛፉ ዝቅተኛ ቅርንጫፍ ከቁጥቋጦው ቁመት ሦስት እጥፍ ያህል ከበላዩ ይራቅ፤ ባለ 5 ጫማ ቁጥቋጦ ካለ በእሱና በቅርንጫፉ መካከል 15 ጫማ ባዶ ይሁን። አለበለዚያ እሳቱ እንደ መሰላል ይወጣበታል።

የማልስማማበት አንድ ነጥብ ብቻ ነው። ለምለም አጥር ፍምን ያግዳል የሚለው፣ ተክሉ በእውነት ለምለም ሆኖ እስከቆየ ድረስ ነው የሚሠራው። ዝናብ ለወራት ሳይጥል ቆይቶ ደረቅ ነፋስ ለቀናት ሲነፍስ፣ ባለቤቱም ለዕረፍት ሄዶ መስኖው ሲቋረጥ፣ ያው ተክል ማገዶ ይሆናል። ከግድግዳው ላይ ከተደገፈ ደግሞ ለመሳሳት ቦታ አይተውም። ከ5 ጫማው ወዲያ የጥላ ዛፍ ቢኖር ግን ከእርስዎ ጋር ነኝ።

ሮኪ ማውንቴን (አውሮራ፣ ኮሎራዶ)

ጉዳዩ የካሊፎርኒያ ብቻ እንዳይመስል ከእኛ በኩል ልጨምር። በዲሴምበር 30 ቀን 2021 ከቦልደር አጠገብ የተነሣው የማርሻል እሳት በሉዊቪልና በሱፒሪየር ከ1,000 በላይ ቤቶችን በአንድ ቀን አወደመ። የብርድ ወቅት ነበር፤ አካባቢው ደን ሳይሆን የሣር ሜዳና ተጠጋግተው የተሠሩ አዳዲስ ቤቶች ያሉበት ነበር። ኃይለኛው ነፋስ እሳቱን በደረቅ ሣር ላይ አስሮጦ ከእንጨት አጥሮቹ ጋር አገናኘው፣ አጥሮቹም ወደ ቤቶቹ አደረሱት። እዚህ ዴንቨር አካባቢ የሚኖሩ ወገኖቻችን «ተራራው ከእኛ ሩቅ ነው» ሲሉ ስሰማ ይህንን አስታውሳቸዋለሁ። አናጢው ስለ አጥሩ የተናገሩትን እያንዳንዱ የማኅበር ቤት ነዋሪ ሊያነበው ይገባል።

ሰርክ አዲስ

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። በእናንተ ምክር መሠረት ጥዶቹን ማስነቀል ጀምረናል። የጥብስ ቅጠሉን ነገር ለእናቴ ሳነሣ መልሷ አጭር ነበር፤ «ይህ ቤት ከመቃጠሉ በፊት እኔ በረሃብ እሞታለሁ» አለችኝ። ሆኖም ቅርንጫፉ ሌላ ቦታ እንደሚበቅል ስትሰማ ለስለስ ብላለች።

ሁለት ነገር ቀርቶኛል። አንደኛው የሳይፕረሶቹ ጉዳይ ነው፤ አጥሩ የጋራ ስለሆነ ጎረቤቴ መቆረጣቸውን አይፈልግም፣ ግቢው ከመንገድ እንዳይታይ ይጋርዱለታልና። ሁለተኛው ከጓሮው በታች ያለው ቁልቁለት ነው። አንድ ሠራተኛ በትራክተር ጠርጎ አፈሩን ንጹሕ ሊያደርግልኝ ጠይቆኛል፤ ልስማማ?

ተዳፋት ላይ (ሳንታ ባርባራ አካባቢ)

እባክዎን አይስማሙ። ቁልቁለትን እስከ አፈሩ መግፈፍ አንዱን አደጋ በሌላ መለወጥ ነው። ከቶማስ እሳት በኋላ በጃንዋሪ 9 ቀን 2018 በሞንቴሲቶ የወረደውን የጭቃና የድንጋይ ናዳ የእኛ አካባቢ ሰው አይረሳውም፤ 23 ሰዎች ሞተዋል። እሳቱ በላይ ያለውን ተራራ ካራቆተው በኋላ ኃይለኛ ዝናብ ሲጥል አፈሩን የሚይዝ ነገር አልነበረም። የእርስዎ ቁልቁለት የዚያን ያህል ባይሆንም፣ ሥሩ የተነቀለ አፈር በመጀመሪያው ብርቱ ዝናብ ወደ ታችኛው ጎረቤት ይወርዳል።

ትክክለኛው አሠራር ተክሉን ማሳሳት ነው። ዓመታዊውን ሣር ከ4 ኢንች በታች ያሳጭዱት፣ ሥሩን ግን ይተዉት። ቁጥቋጦዎቹን በየቦታው ለያይተው ያቆዩ፤ ክፍተቱም እንደ ቁልቁለቱ ይለያያል። ሜዳ በሆነ ቦታ በሁለት ቁጥቋጦዎች መካከል የቁመታቸውን ሁለት እጥፍ መተው ሲበቃ፣ መካከለኛ ቁልቁለት ላይ አራት እጥፍ፣ በጣም ቀጥ ባለው ላይ ደግሞ ስድስት እጥፍ ይፈለጋል። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ እሳት ሽቅብ ሲወጣ ነበልባሉ ከፊቱ ያለውን ተክል አስቀድሞ ያደርቀዋል፣ ስለዚህ ሜዳ ላይ ከሚሄደው በብዙ ይፈጥናል። ቤትዎ ከቁልቁለቱ ራስ ላይ ስለሆነ እኔ ብሆን ከፊት ለፊቱ ግቢ ይልቅ ለዚህኛው ወገን የበለጠ ገንዘብ እመድባለሁ። ከቁልቁለቱ አፋፍ ላይ፣ ከቤቱ ራቅ ብሎ፣ ከጉልበት ያልበለጠ የድንጋይ ካብ ቢኖር ዝቅተኛውን ነበልባል ይሰብራል፤ ለመቀመጫም ይሆናል።

የማጨጃውን ሰዓትም ልብ ይበሉ። የማሽኑ ምላጭ ድንጋይ ሲመታ በሚረጨው ብልጭታ የተነሣ ብዙ እሳት አለ፤ ስለዚህ ከጠዋቱ አራት ሰዓት በፊት፣ ሣሩ ገና ጤዛ ሳይለቀው፣ ነፋስ በሌለበት ቀን ይታጨድ።

ጋሽ ባሕር ዛፍ (ሳን ሆዜ፣ ካሊፎርኒያ)

ልጆቼ፣ ባሕር ዛፍ ስሜ ሆኖ ሳለ ዝም ብል አግባብ አይሆንም። አዲስ አበባ ማገዶ አጥታ ልትለቀቅ በተቃረበችበት ዘመን ምኒልክ ከአውስትራሊያ የመጣውን ይህን ዛፍ አስተክለው ከተማዋን አቆዩአት። ካሊፎርኒያም ያንኑ ዛፍ ከ1850ዎቹ ጀምሮ ተክላለች፤ እዚህ ግን ማገዶነቱ ጠንቅ ሆነ። በኦክቶበር 1991 የኦክላንድ ኮረብታዎች ሲቃጠሉ 25 ሰዎች ሞቱ፣ በሺህ የሚቆጠሩ ቤቶችም ጠፉ፤ ባሕር ዛፉ ቅርፊቱ እየተላጠና እየነደደ በነፋስ ይበር እንደነበር ይነገራል። በግቢያቸው ያለው ሰው ቢያንስ የወደቀውን ቅርፊትና ቅጠል በየሳምንቱ ይጥረገው።

እንሰትስ? እዚህ አገር የችግኝ መሸጫዎች እንሰትን ለጌጥ ይሸጡታል። በጉራጌ አገር ቤቱን ከብቦ የሚተከለው በከንቱ አይመስለኝም፤ ግንዱ ውሃ ነው።

የጓሮ ቅጠል

ጋሼ፣ እንሰትን ማስታወስዎ ደስ ብሎኛል፤ እኔም አለኝ። ግንዱ ውሃ መሆኑ እውነት ነው፤ ነገር ግን የደረቀው ቅጠሉ ከግንዱ ላይ እንደ ቀሚስ ተንጠልጥሎ ይቀራል፣ ያም ከገለባ አይተናነስም። አገር ቤት ቅጠሉ ለመጠቅለያ፣ ለጉዝጓዝ፣ ለከብት መኖ ስለሚቆረጥ አይከማችም። እዚህ ግን ለጌጥ ብቻ የተተከለ ስለሆነ ማንም አይቆርጠውም። እየገፈፉለት ከቤቱ 10 ጫማ ርቆ ቢቆም ከሳይፕረስ በብዙ ይሻላል፣ ከመንገድ ዓይንም ይጋርዳል። ሰርክ አዲስ፣ ይህን ለጎረቤትዎ እንደ ምትክ ያቅርቡለት።

የመድን ነገር (ሳን ዲዬጎ፣ ካሊፎርኒያ)

በመድን ሥራ ላይ ስለምገኝ ስለ ደብዳቤው ትንሽ ልበል። በካሊፎርኒያ ከ2022 ወዲህ በጸናው ደንብ መሠረት ኩባንያዎች ቤታቸውን ከእሳት ለሚያዘጋጁ ሰዎች የዋጋ ቅናሽ መስጠት አለባቸው። በደንቡ ከተዘረዘሩት መካከል የ5 ጫማው ክልል፣ የአየር ማስገቢያዎቹ ወንፊት፣ ከእንጨት የተሠራ የዕቃ ማከማቻን ከቤቱ 30 ጫማ ማራቅ ይገኛሉ። ኩባንያው ለቤትዎ የሰጠውን የእሳት ስጋት ነጥብ እንዲያሳውቅዎ መጠየቅ፣ በነጥቡ ካልተስማሙም ይግባኝ ማለት መብትዎ ነው። ደንቡ ግን ኩባንያው ውሉን እንዲያድስ አያስገድደውም፤ ሰዎች የሚያዝኑት እዚህ ላይ ነው። ውሉ ከተቋረጠ የሚቀረው ፌር ፕላን የሚባለው የመጨረሻ አማራጭ ሲሆን፣ ስርቆትንና በሌላ ሰው ላይ ለሚደርስ ጉዳት ኃላፊነትን ስለማይሸፍን ተጨማሪ ውል መግዛት ይጠይቃል።

ስለዚህ ሥራውን ስትሠሩ ከመጀመሩ በፊትና ካለቀ በኋላ ቀን ያለበት ፎቶግራፍ አንሡ፣ የሠራተኛውንና የጠጠሩን ደረሰኝ አስቀምጡ፣ ሁሉንም በጽሑፍ ላኩ። በስልክ የተነገረ ነገር ውሉ በሚታደስበት ቀን ማስረጃ አይሆንም።

ጠያቂ ነኝ

ከአናጢው ማብራሪያ በኋላ ልዩነታችን ከመሰለኝ ያነሰ ሆኖ አግኝቼዋለሁ። አንድ ነገር ግን ልጨምር፤ ቤቶቹ በ10 ጫማ ርቀት በተጠጋጉበት ሰፈር የአንድ ሰው ጠጠር ብቻውን ብዙ አያድንም። የጎረቤቱ ቤት ከተያያዘ ግለቱ ያንተን መስኮት ይሰብራል። ስለዚህ ሰርክ አዲስ ከጎረቤታቸው ጋር የሚያደርጉት ንግግር ከጠጠሩ የማይተናነስ ሥራ ነው። «ፋየርዋይዝ» የሚባለው፣ ሰፈርተኞች በአንድነት ተመዝግበው የየግቢያቸውን ዙሪያ በጋራ የሚያጸዱበት መርሐ ግብር አለ፤ አንዳንድ ኩባንያዎችም ለዚህ ቅናሽ ይሰጣሉ። የእኛ ሰዎች ለዕድርና ለማኅበር አዲስ አይደሉም፤ በእንግሊዝኛው ስብሰባ ላይ ግን አንገኝም።

ሰርክ አዲስ

ከጎረቤቴ ጋር ተነጋግረናል። ከቤቶቻችን ጥግ አጠገብ ያሉት ሦስቱ ሳይፕረሶች እንዲቆረጡ፣ የቀሩት የታችኛው ክፍላቸው እንዲመለመልና የደረቀ ውስጣቸው እንዲጸዳ ተስማምተናል። የአጥሩን የመጀመሪያ 5 ጫማ ብረት ወጪ በጋራ እንከፍላለን። የሣር አጫጁንም በትራክተር እንዳይገባ ነግሬዋለሁ። ጠጠሩን በተመለከተ አንድ ጥያቄ ይቀረኛል፤ ከሥሩ ፕላስቲክ ላንጥፍ?

አናጢው

ፕላስቲክ አያንጥፉ። ውሃ ወደ አፈሩ እንዳይሰርግ አግዶ ወደ መሠረቱ ይመልሰዋል። ውሃ የሚያሳልፈው የአረም መከላከያ ጨርቅ ከጠጠሩ ሥር በደንብ ተሸፍኖ፣ ጠርዙ ወደ ላይ ሳይወጣ ቢነጠፍ ይበቃል። ጠጠሩ ከ2 እስከ 3 ኢንች ውፍረት ይኑረው፤ ከልስኑ የታችኛው ጠርዝ ጋር እንዳይነካካ ጥቂት ኢንች ዝቅ ይበል፣ አለበለዚያ እርጥበትና ምስጥ ይገባል። ጠጠር መሬት ላይ ስለሆነ ብቻ ንጹሕ ነው ማለት አይደለም፤ በጠጠሩ መካከል የገባውን ቅጠል በቅጠል ማራገቢያ ማሽን በየጊዜው ያውጡት፣ በተለይ ከመስከረም መጨረሻ ጀምሮ የሳንታ አና ነፋስ ከመነሣቱ በፊት። የቀይ ባንዲራ ማስጠንቀቂያ፣ ማለትም ነፋሱና ድርቀቱ ለእሳት እንደሚያሰጋ የሚነገርበት የአየር ጠባይ ማስጠንቀቂያ፣ በወጣ ቀን ደግሞ የደጃፍ ምንጣፉን፣ የፕላስቲክ ቆሻሻ ማጠራቀሚያውንና የበረንዳ ወንበር ትራሶቹን ከግድግዳው አርቁ ወይም ጋራዥ ውስጥ አስገቡ።

የጓሮ ቅጠል

የጥብስ ቅጠሉን ለማዛወር ከሁሉ የሚሻለው ጊዜ ሙቀቱ በረድ ሲልና ዝናቡ ሊጀምር ሲል ነው። አሮጌውን ከመንቀልዎ በፊት ቢያንስ አራት ወይም አምስት ቅርንጫፍ ሥር እንዲያበቅል ያድርጉ፤ ሁሉም አይጸድቅምና። የተነቀለውን ግንድ ግን እንደ ማገዶ ከቤቱ ጎን አይከምሩት፤ ማገዶ ከቤቱ 30 ጫማ ርቆ፣ ዙሪያው ተጠርጎ ነው የሚቀመጠው። እናትዎ ቅጠሉን አድርቀው ቢያስቀምጡት እስኪደርስ ድረስ ይበቃቸዋል።